የቮልስ ሞተር ከወረደ አይቀር ምን ምን ይነካ?

ባለ 1300
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1967 ቮልስ ናት፤ 1300፣ ባለ 6 ቮልት፣ የሞተሩ ቁጥር በኤፍ የሚጀምር። አቀበት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል፤ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሚገጥሙበት ሥር ደግሞ ሲነጋ የስኒ አፍ የሚያህል ዘይት መሬት ላይ ይገኛል። ሞተሩ ትናንት ወርዶ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ሳይወርድ፣ እንደሞቀ፣ ነዳጅ ሙሉ ተረግጦ የተለካው ኮምፕሬሽን (የየሲሊንደሩ እመቃ ግፊት)፦ 1ኛ 6.2፣ 2ኛ 6.0፣ 3ኛ 5.6፣ 4ኛ 6.1 ባር ነው። ቦታው አዲስ አበባ።

ዲስኮውና እሱን የሚጫነው ስፒንጂ ዲስኮው መቀየራቸው አያጠያይቅም። የማላውቀው ሌላውን ነው። ሞተር ካልወረደ የማይነካው የቱ ነው? ቆይቶም የሚደረስበት የቱ ነው? ቴስታታውስ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይከፈት? በጀቱ ለሁሉም አይበቃም፣ ስለዚህ በቅደም ተከተል ብትነግሩኝ።

ቁልፍ 17
አሁኑኑ በናፍጣ አጥበኸው ከሆነ ማስረጃውን አጥፍተኸዋል። ካላጠብከው አትንካው፤ መጀመሪያ ዘይቱ ከየት እንደመጣ አንብብ።

ስፒንጂ ዲስኮውን ፍታና የቮላኖውን፣ ዲስኮው የሚያርፍበትን ከባድ ጥርሳም ክብ ብረት፣ ፊት እይ። ዘይቱ ከመሃል፣ ከትልቁ 36 ቁጥር ዳዶ ዙሪያ ተነስቶ እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ዳር ከረጨ ችግሩ ፓራኦሊዮው (ዘይት የሚይዘው የዘንግ ጎማ) አይደለም፤ በቮላኖውና በኮሎው (በሞተሩ ዋና ዘንግ፣ በክራንክሻፍቱ) መካከል ያለችው የጎማ ቀለበት ናት። የቮላኖው ፊት ደረቅ ሆኖ ጀርባውና የካምቢዮው ቤት ውስጥ ከራሰ ግን ፓራኦሊዮው ነው። ሦስተኛ አለ፣ ብዙ መካኒክ የሚያልፈው፦ ከፓራኦሊዮው ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱ የሞተር ግማሾች በሚገጥሙበት መስመር ላይ የካምሻፍቱን (ቫልቮላ የሚከፍተውን ዘንግ) ጫፍ የሚዘጋ ክብ ክዳን ተቀምጧል። እሱ ካላበ ፓራኦሊዮ ሦስት ጊዜ ብትቀይር ጠብታው አይቆምም። ክዳኑ በወጉ የሚቀየረው ሞተሩ ለሁለት ሲከፈል ብቻ ነው። እርጥበቷ ትንሽ ከሆነች ዙሪያውን በአሴቶን አጽድተህ ዘይት የሚችል ሲሊኮን መቀባት ያስኬዳል፤ ውበት የለውም፣ ግን ለዓመታት ይይዛል።

እዚህ ሳለህ ከሁሉ በፊት የኮሎውን ወደፊትና ወደኋላ መጫወት ለካ። ሞተሩ መኪናው ላይ እያለ ችግሩ ቢታወቅም መፍትሔው ያለው ቮላኖው ሥር ነው። የሰዓት ፊት ያለውን የሚሊ መለኪያ ሞተሩ ላይ አስረህ፣ ጫፉን ቮላኖው ላይ አሳርፈህ፣ በሌላው ጫፍ ያለውን ፑሌጃ (የቺንጊያውን መዘውር) ግፋና ሳብ። ትክክለኛው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ነው፤ 0.15 ካለፈ ይስተካከላል።

አስተካከሉ እንዲህ ነው። ቮላኖው ሥር ሦስት ቀጫጭን የብረት ስፔሶሬዎች አሉ፤ ሁልጊዜ ሦስት ናቸው፣ ሁለትም አራትም አይሆኑም። ፓራኦሊዮውንና የጎማ ቀለበቷን አውጥተህ በሁለት ስፔሶሬ ብቻ ቮላኖውን አጥብቅና ለካ። ካገኘኸው ላይ 0.10 ቀንስ፤ የቀረው የሦስተኛው ውፍረት ነው። ለምሳሌ መለኪያው 0.44 ካለ ሦስተኛው 0.34 ይሆናል። በ0.24፣ 0.30፣ 0.32፣ 0.34፣ 0.36 እና 0.38 ይሸጣሉ። ስፔሶሬዎቹ በዘይት ተነክረው አስቀድመው ይገባሉ፣ ፓራኦሊዮው ቀጥሎ ነው። የተገላቢጦሽ ያደረገ ሰው አዲሱን ፓራኦሊዮ መልሶ ሊያወጣ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ኮሎው ሲገፋ ብሮንዚናው (ኮሎው የሚዞርበት ማረፊያ) ራሱ አብሮ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ስፔሶሬ አያድነውም። ያ ሞተር ይከፈታል።

ቮላኖው ከመፈታቱ በፊት በእሱና በኮሎው ጫፍ ላይ ምልክት አድርግ፤ በነበረበት ቦታ ይመለስ። ፓራኦሊዮው ሲገባ በመዶሻ አትምታው፣ በሰፊ ጠፍጣፋ ብረት ዙሪያውን እኩል እየገፋህ እስከ መቀመጫው አስገባው። ቮላኖው ላይ ከንፈሩ የሚያርፍበትን አንገት በጥፍርህ ዳብስ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በዘይት አለስልስ፤ ጥልቅ ከሆነ ሌላ ቮላኖ ፈልግ። ዳዶው መሃል የካምቢዮው ዘንግ የሚያርፍበት ትንሽ የመርፌ ኩሽኔታ አለ፤ አጽድተህ የሽምብራ ፍሬ የማታህል ግራሶ ብቻ አድርግ። ትርፉ ተረጭቶ አዲሱን ዲስኮ ይቀባል።

ዳዶው 300 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል። ቶርክ ሬንች እዚያ ካልደረሰ፣ 1 ሜትር ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰክተህ ጫፉ ላይ 30 ኪሎ መጫን ማለት ነው። «እስኪበቃኝ አጠበቅኩት» የሚባለው ነገር ነው ቮላኖን አላልቶ የኮሎውን ጫፍ የሚበላው።

ካምቢዮ ተራ
ቁልፍ 17 የሞተሩን ጎን ጨርሶታል። ፊትህን ወደ ካምቢዮው አዙር፣ ግማሹ ችግር እዚያ ነው።

ከቤቱ ግርጌ የተጠራቀመውን ዘይት በጣትህ አሽተው። የካምቢዮ ዘይት ወፍራም ነው፣ ሽታውም ድኝ ድኝ ይላል። እሱ ከሆነ የዘንጉ ፓራኦሊዮ ነው። ባይሆንም ቀይረው፤ ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም፣ ለእሱ ብሎ ሞተር ድጋሚ ማውረድ ግን አንድ ሙሉ ቀን ነው። አሮጌውን በካቻቢቴ ስትፈነቅል ዘንጉን እንዳትጭረው። አዲሱን ከማስገባትህ በፊት የዘንጉን ጥርስ በቀጭን ፕላስቲክ ጠቅልል፣ ጥርሱ ከንፈሩን ይቆርጠዋልና። ከዚያ ልኩ በሆነ ቧንቧ ቁራጭ ቀጥ አድርገህ ግፋ።

ሬጂስፒንታው (ፔዳል ሲረገጥ ስፒንጂውን የሚገፋው ኩሽኔታ) በጣት ሲዞር ከተንኳኳ ወይም ከደረቀ ይጣል። በቤንዚን አይታጠብም፣ ግራሶው ታሽጎ የተሠራ ነውና ታጥቦ ይሞታል። ስትገዛ ልብ በል፦ እስከ 1970 ያለው ዓይነት በሁለት የሽቦ ሞላ ሹካው ላይ የሚያዝ ነው፤ ከ1971 ወዲህ ያለው በካምቢዮው ላይ ባለ ቱቦ ላይ ይንሸራተታል። ስፒንጂ ዲስኮውም አብሮ ይለያያል፤ የአንተ መሃሉ ላይ ክብ ማረፊያ ቀለበት ያለው መሆን አለበት። የአንዱን ዘመን ሬጂስፒንታ ከሌላው ዘመን ስፒንጂ ጋር የገጠመ ሰው መጀመሪያ ጩኸት፣ ቀጥሎ የተሰበረ የስፒንጂ ጣት ያገኛል።

ሹካዎቹን የሚያዞረው ዘንግ ግራ ጫፉ ላይ ቦኮላ (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) አለው። ሹካውን ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው፤ ከተጫወተ ቦኮላው አልቋል፣ ፔዳሉም ለዚህ ነው መሃል ላይ የሚከብደው። ከቀኝ በኩል ደግሞ የሞተሪኖው (የማስነሻው ሞተር) ዘንግ ጫፍ የሚያርፍበት የነሐስ ቦኮላ ካምቢዮው ቤት ውስጥ ተመትቶ ይገኛል። አስወጥተህ አዲስ በዘይት ነክረህ ምታ። ሞተሪኖው ከሞቀ በኋላ እያቃሰተ የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ሳይሆን ይህች ቦኮላ ስላለቀች ነው። የ6 ቮልትና የ12 ቮልቱ ቀዳዳ አንድ አይደለም፣ ሞተሪኖውን ይዘህ ሂድ።

ከኋላ ካምቢዮውን የሚሸከሙት ሁለቱ ሱፖርቶዎች (የጎማ መያዣዎች) ዘይት ጠጥተው ካበጡ ወይም ጎማቸው ከብረቱ ከተላቀቀ አሁን ቀይር፤ ሞተሩ ሳይኖር ካምቢዮውን በክሪክ ደግፎ መሥራት ቀላል ነው። ማርሽ ገብቶ መኪናው ሲነሳ የሚንቀጠቀጠው በእነሱም፣ በፍሪሲዮን ካቦው (የሽቦ ገመዱ) ቱቦም ነው። ያ ቱቦ ከሻንሲው እስከ ካምቢዮው ባለው ርቀት ከ25 እስከ 45 ሚሊ ወደ ታች መርገብ አለበት። ቀጥ ካለ ፍሪሲዮኑ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ በላይ ከተንጠለጠለ ካቦው ቶሎ ይበጠሳል። በሮንዴላ (በክብ ማጠቢያ ብረት) ይስተካከላል።

የአክሱሉ ጎማ ሽፋንና የካምቢዮ ዘይት ሞተሩ ታስሮም ይሠራሉ፣ በጀቱ ካጠረ ተዋቸው። ዘይቱን ከቀየርክ 2.5 ሊትር ጂኤል 4 ነው።

ነፋስ ማቀዝቀዣ
ስለ ኮምፕሬሽኑ ልመልስ። ቁጥሩ አያስደንግጥህ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል፤ መለኪያህም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። እዚህ 6 ያሳየ ሞተር ጅቡቲ ወደብ ላይ 8 ገደማ ያሳያል። ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር ሳይሆን አራቱን እርስ በርስ አወዳድር። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለህ ልዩነት 0.6 ነው፣ ደህና ነው። ቴስታታ አይከፈት። የቆየ ሞተር ላይ ቴስታታ የሚይዙትን ቡሎኖች ማነካካት ቡሎኑ የታሰረበትን የሞተሩን ቀዳዳ ጥርስ ይዞ የመምጣት አደጋ አለው፤ ያለ ምክንያት አይነካም።

3ኛው ዝቅ ማለቱ ግን እንዲያው አይደለም። በአንተ ዘመን ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው በቬንቶላው (በማራገቢያው) ቤት ውስጥ፣ ልክ ከ3ኛው ሲሊንደር በላይ ይቆማል። ለ3ኛው የሚደርሰው ነፋስ በማቀዝቀዣው ያለፈና የሞቀ ነው። ፋብሪካው ይህን አውቆ በብዙዎቹ ስፒንተሮጅኖዎች (እሳት አከፋፋዮች) ላይ የ3ኛውን እሳት ጥቂት ዲግሪ አዘግይቶታል። እዚያ ክንፎቹ መካከል ቅጠል፣ ጨርቅ ወይም የአይጥ ጎጆ ካለ የ3ኛው ቫልቮላ ቀድሞ ይቃጠላል።

ስለዚህ የቬንቶላውን ቤት አንሳው። የዲናሞውን መቀነት ፍታ፣ በግራና ቀኝ ያሉትን 10 ቁጥር ቡሎኖች አውጣ፣ ከሥር ያለውን ቴርሞስታት ከመያዣው አላቅቀው፤ ይህን የረሳ ሰው ቤቱን እየጎተተ ዘንጉን ያጣምማል። ክንፎቹን በናፍጣና በቡሩሽ እጠብ፣ በአየር ንፋ። ማቀዝቀዣውን የሚይዙት ሦስት 10 ቁጥር ዳዶዎች ናቸው። ከሥሩ ያሉት ሁለቱ ጎማዎች ጠንክረው እንደ ፕላስቲክ ይሆናሉ፤ ከእነሱ የፈሰሰ ዘይት በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ልክ አንተ ጠብታውን ያየህበት ቦታ ይንጠባጠባል። ለ1967ቱ የ8 ሚሊ ቀዳዳ ጎማ ነው፤ የኋለኞቹ 10 ናቸው። ዳዶዎቹ 7 ኒውተን ሜትር ብቻ።

ክንፎቹ ከታጠቡ በኋላ ሲሊንደሮቹን የሚሸፍኑት ላሜራዎች አንድም ሳይቀሩ ይመለሱ። «ለነፋስ ይመቻል» ብለው ላሜራ የሚያወልቁ አሉ፤ ተቃራኒው ነው። ነፋሱ ሲሊንደሩን እንዲላስ የሚያስገድደው ያ ላሜራ ነው። ከእሱ ጋር በሞተሩና በሞተር ቤቱ ጠርዝ መካከል ያለው ረጅም ጎማ ቀይር። እሱ ከሌለ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) በኩል የሞቀው አየር ተመልሶ ወደ ቬንቶላው ይገባል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ቀድሞውኑ ስስ ነው፣ ትንሽም ማባከን አይቻልም። ጎማው የሚገባበት የብረት ጉሮሮ በሞተሩ ዙሪያ ያለ ነው፤ ሞተሩ ታስሮ ለማስገባት የሚሞክር ጣቱን ይበላል።

ከአስታ ቱቦዎቹ (ሮከሩን የሚገፉት ዘንጎች ከሚያልፉባቸው) የሚያልብ ካለ፣ ቴስታታ ሳይወጣ የሚገቡ ባለ ሞላ ቱቦዎች አሉ። የሮከሩን ዘንግ በሁለቱ 13 ቁጥር ዳዶ አውርደህ አስታውን ታወጣለህ፣ አሮጌውን ቱቦ ጨፍልቀህ ታወልቃለህ፣ አዲሱን ጨምቀህ ታስገባለህ። ለብዙ ዓመት የሚሻለው ዋናው ቱቦ ነው፣ ግን እሱ ቴስታታ ያስወጣል። ካላበ አትንካው።

ቤንዚን አይሸተት
ሁላችሁም ዘይት ዘይት ትላላችሁ። ቮልስን የሚያቃጥለው ቤንዚን ነው።

ከሻንሲው መሃል የሚወጣው የቤንዚን ቧንቧ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት የጎማ ቱቦ ካምቢዮው አጠገብ ነው፤ ሞተር ሲታሰር አይታይም፣ ስለዚህ ማንም አይቀይረውም። ባለ ጨርቁ ቱቦ ከላይ ጤነኛ መስሎ ከውስጥ ይፈረፈራል። እጠፈው፤ ከተሰነጠቀ መልሱን አገኘህ። ሁሉንም ቀይር፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ፋሸታ (ማጥበቂያ ቀለበት) አድርግ። ቧንቧው የፊቱን ላሜራ የሚያልፍባት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት መኖሯን አረጋግጥ፤ ከሌለች ላሜራው በንዝረት ቧንቧውን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ፊልትሮ የምታስገባ ከሆነ እዚያው ካምቢዮው ጋ ይሁን እንጂ ከስፒንተሮጅኖው በላይ አታንጠልጥለው። በመጨረሻ የካርቡራተሩን የነሐስ መግቢያ በፒንሳ ያዝና በቀስታ ሳብ። ከተነቃነቀ አንድ ቀን ወልቆ የጋለ ሞተር ላይ ይረጫል።

ከሜሪላንድ
መለዋወጫ ከዚህ ለምታስመጡ አንድ ነገር፦ በኢንተርኔት የሚሸጠው የፍሪሲዮን ሙሉ ዕቃ አብዛኛው 200 ሚሊ ነው፣ ለባለ 12 ቮልቱ ባለ 130 ጥርስ ቮላኖ። የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ፣ ፍሪሲዮኑም 180 ሚሊ ነው። ሳይለካ የታዘዘ ዕቃ በሻንጣ መጥቶ በሻንጣ ይመለሳል። ሶማሌ ተራም ብትሄድ አሮጌውን ዲስኮ በእጅህ ያዝ።

ባለ 1300
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አላጠብኩትም ነበር። የቮላኖው ፊት ከመሃል ተነስቶ በጨረር ረጥቧል፣ ዲስኮው ዘይት ጠጥቷል፣ የቮላኖው ጀርባ ደረቅ ነው። ካምቢዮው ቤት ውስጥ የድኝ ሽታ የለም። የኮሎው ጨዋታ 0.19፤ ብሮንዚናው አይንቀሳቀስም። በሁለት ስፔሶሬ ሲለካ 0.47 አሳየ፤ ሁለቱም በመለኪያ 0.30 ናቸው። 0.37 ስፔሶሬ የለም፣ 0.36 ወይስ 0.38?

ቁልፍ 17
በ0.36 ጨዋታው 0.11፣ በ0.38 ደግሞ 0.09 ይሆናል። ሁለቱም ከልኩ ውስጥ ናቸው። 0.38ን ውሰድ፤ ጨዋታ በዕድሜ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ገጥመህ ካጠበቅክ በኋላ ድጋሚ ለካ። ስፔሶሬ ላይ የተቀመጠች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሒሳቡን ታበላሻለች።

የጎማ ቀለበቷ ጥፋተኛ ናት፣ ተገኝታለች። ፓራኦሊዮውንም ግን አሁን ቀይር። ዲስኮውን በቤንዚን አጥቦ መመለስ የሚባለውን አትሞክር፤ ዘይት የጠጣ ዲስኮ ሲሞቅ መልሶ ያወጣዋል። የቮላኖው ፊት ሰማያዊ ነጥብ ወይም የተሰነጠቀ መስመር ካለው ወደ ቶርኖ ቤት ውሰደው።

ነፋስ ማቀዝቀዣ
ሲታሰር፦ ዲስኮውን በአሮጌ የካምቢዮ ዘንግ ወይም ልኩ በተቀረጸ እንጨት መሃል አስይዝ፣ የስፒንጂውን ቡሎኖች ፊት ለፊት እያደረግህ ቀስ በቀስ ወደ 25 ኒውተን ሜትር አድርስ። የሞተሩ 110 ኪሎ ገደማ በክሪኩ ላይ እንጂ በካምቢዮው ዘንግ ላይ አይረፍ። ካልገባ አራተኛ ማርሽ አስገብተህ ፑሌጃውን ትንሽ አዙር፣ ጥርሱ ራሱ ያገኘዋል። በቡሎን እየሳቡ ማስገባት ዲስኮውን ያጣምማል። አራቱ የሞተር ዳዶዎች 30 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል።

ሞተሩ ወርዶ እያለ የዘይት ወንፊቱን ክዳን አውርደህ እጠብ፤ በስድስቱ ትንንሽ ዳዶዎች ላይ አትጨክን፣ 7 ኒውተን ሜትር። ፑንቴሪያውን (የቫልቮላዎቹን ክፍተት) ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.10 ሚሊ አድርግ። ዘይቱ 2.5 ሊትር ነው፤ ማቀዝቀዣው ባዶ ስለሆነ ከመጀመሪያው ማስነሳት በኋላ አጥፍተህ ድጋሚ መለኪያውን እይ።

ካምቢዮ ተራ
ሳታስነሳ የኮይሉን ሽቦ ንቀልና የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙረው፣ ከ10 ሰከንድ በላይ በአንዴ አትያዘው። የፔዳሉ ባዶ ጉዞ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ይሁን፤ ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ ድጋሚ አስተካክለው፣ አዲስ ካቦ ይለጠጣል።